ከፈተናው በኋላ ይነገራታል

ጉለሌ፣ ዊንጌት አካባቢ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ስብሐት፣ ጎሬ፤

የጆሮዎ ነገር እንዴት ሆነ? የቀረውን አካልዎን አልጠይቅም፤ ብርቱ መሆንዎን ከእጅ ጽሑፍዎ አይቻለሁ። እንደ ድሮው ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ነው ብዕሩን የሚጫኑት። በቴሌግራም ፎቶውን ሲልኩልኝ እንኳ የጀርባው ገጽ ያስታውቃል። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ፤ የፈተና ሰሞን ሆኖብኝ ነው።

«የመንግሥት ሥራሽን ትተሽ ማንን ነው የምታስተምሪው?» ላሉኝ፣ ተማሪዎቼ ለማስተርስ ከየአገሩ አዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከቻድ፣ ከማዳጋስካር፣ ከኮንጎ። በፈረንሳይኛ ተምረው ያደጉ ናቸው። እንግሊዝኛውን ያነቡታል፣ ከኔ በተሻለ ይጽፉታል፤ ዲፌንስ በሚሉት የቃል ፈተና ላይ ኮሚቴ ፊት ሲቆሙ ግን ምላሳቸው ይተሳሰራል። ፕሮፌሰሩ ሲሳሳት ሳያስቀይሙት እንዴት እንደማይስማሙ፣ ጥያቄው ሳይገባቸው ሲቀር «ምን ማለትዎ ነው?» ብለው ደፍረው እንዴት እንደሚጠይቁ፣ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ድምፃቸው እንዳይጠፋ፣ ይህን ይህን ነው የማስተምረው። አፍ ማስፈታት ነው በአጭሩ። በአርባ ዓመታቸው አፍ የሚፈቱ ሰዎች አሉኝ።

ይስቁብኝ ይሆናል፣ አንድ ሕግም አውጥቻለሁ። ፈተናው ሲቃረብ ስልካቸውን ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፋለሁ። ቀኑን ሙሉ በፈረንሳይኛና በስዋሂሊ ሲያወሩ ውለው ኮሚቴው ፊት እንግሊዝኛው ከየት ይመጣል? ለቤተሰቦቻቸው የኔን ቁጥር ይሰጣሉ፤ ጉዳይ ያለው በኔ በኩል ያገኛቸዋል። እስካሁን ማንም አልተጎዳበትም።

አሁን ያስቸገረችኝ ፉራሃ የምትባል የሉቡምባሺ ልጅ ናት። ጎተራ ውስጥ በቆሎን ስለሚያበላሸው ሻጋታ ነው ያጠናችው። ቁስቋም እትዬ ሐመልማል ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ትጉ ናት፤ ግን የምትናገረውን ሁሉ ጽፋ ትሸመድደዋለች። በመሀል ጥያቄ ከጠየቅኋት አቀርቅራ ዝም ነው። ዲፌንሷ ሐሙስ ግንቦት 21 ነው። ይህን ከወደቀች ስኮላርሺፑ ያበቃል፣ ባዶ እጇን ወደ እናቷ ትመለሳለች። እናቷ ገበያ ላይ በቆሎ የሚሸጡ ሴት ናቸው፣ ያሳደጓትም እሳቸው ብቻቸውን ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ልጅዎ ቤርሳቤህ

*

ጎሬ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017

ለልጄ ለቤርሳቤህ፤

እኔ ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ግን ጨርሶ ጡረታ ወጥቷል። እዚህ አገር ዝናቡ ከጀመረ አያቋርጥም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አልሰማውም፣ በመስኮት ነው የማየው። ብቻዎን አይከብድዎትም ወይ ብትዪኝ፣ አይከብደኝም። የጎረቤት ወሬ የማይሰማ ሰው ስንት ኃጢአት እንደሚቀርለት ብታውቂ ትቀኚብኝ ነበር።

ስልክ እየቀማሽ መቆለፍሽን አልወደድኩትም። የሰው ልጅ እኮ ነው። ግን አንቺ መቼ ምክር ትሰሚያለሽ? ተማሪዬ ሳለሽም እንደዚሁ ነበርሽ።

ስለ ሸምዳጇ ልጅ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን ውሰጂባት። ለሚያውቅ ሰው ሳይሆን ለማያውቅ ሰው ታስረዳ። እንግሊዝኛ ለማይሰሙት ለአከራይዋ ታስረዳ። ፊታቸውን እያየች፣ ሲሰለቹና ሲገባቸው እየለየች ትናገር። ሰው ንግግር የሚማረው ከሰው ፊት ነው። እናንተ ጴንጤዎች ያለ ወረቀት አንድ ሰዓት ትጸልዩ የለም? እንደዚያ በያት።

እንዴት እንደሆነች ጻፊልኝ። ሳላያት አሳዘነችኝ።

ስብሐት

*

ጉለሌ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017

ጋሼ፤

ሰላምታውን የዘለልኩት ጨንቆኝ ነው፣ አይቀየሙኝ። ፉራሃ ወረቀቱን ተወችው ወይ ላሉኝ፣ አዎ ተወችው። ትናንት ክፍል ውስጥ ከቻዱ ተማሪ ጋር ተከራክራ ረታችው፤ እኛም አጨበጨብንላት። ዛሬ ይህን ነበር በደስታ የምጽፍልዎ።

ዛሬ ጠዋት ታላቅ ወንድሟ ደወለልኝ። እናታቸው ሞተዋል። ታመው አልሰነበቱም፣ በድንገት ነው። እንግሊዝኛው እንደነገሩ ነው፤ እየተቸገረ፣ ቃል እየፈለገ ነገረኝ። «ብቻዋን ሆና በስልክ እንድትሰማ አልፈልግም። እርስዎ አጠገቧ ቁጭ ብለው ይንገሯት። እንጠብቃታለን በሏት» አለኝ። እሺ አልኩት። እኔም እንደኛ አገር ደንብ አብረንሽ ነን ማለቱ መሰለኝ። ምን ማለትዎ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ቀኑን ሙሉ ጠይቁ እያልኩ ሰው የምጨቀጭቀዋ ሴትዮ! እናቱ የሞተችበትን ሰው በጥያቄ ማድረቅ ነውር ሆኖ ታየኝ።

ልነግራት ወደ ቁስቋም ወጣሁ። እትዬ ሐመልማል በር ላይ ያዙኝ። ስነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ አለቀሱና ወዲያው ቆጣ አሉ። «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? መርዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው፣ መንገድ ላይ እንዳገኙት ዕቃ? ሐሙስ ፈተና ያለባትን ልጅ ዛሬ ገደል ልትከቻት ነው? እናቷ እንደሆነች አንዴ ሞታለች፣ ዛሬውኑ ትቀበራለች። በማርያም ይዤሻለሁ፣ ተይ! ፈተናዋን ትጨርስና ዓርብ በማለዳ የእድር ሴቶችን ሰብስቤ በወጉ እናረዳታለን። ሰው አገር ብቻዋን አታለቅስም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው አልኩ በልቤ። ፉራሃ ከክፍሏ ወጥታ «መምህርት፣ እናቴ ደወለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ኔትወርኩ አስቸግሯል አልኳት። አመነችኝ። ልክ ነኝ ወይ ጋሼ? ልክ ነሽ ይበሉኝ።

ቤርሳቤህ

*

ጎሬ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017

ልጄ፤

ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ልጂቱን ያጽናት፣ አንቺንም ያበርታሽ።

ልክ ነሽ። አከራይዋም ልክ ናቸው። መርዶ ቀን አለው። የኔ አባት የሞተው በሁዳዴ ነው፤ እኔ የሰማሁት ሰኔ ላይ፣ ፈተና ጨርሼ አገሬ ስገባ ነው። አጎቶቼ ከአውቶቡሱ ተቀብለውኝ ምሳ አብልተው አሳድረው፣ በማግስቱ ማለዳ ነገሩኝ። ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ለአባቴ ሰላምታ የላክሁባቸው ደብዳቤዎች አጎቴ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ተቀይሜ አላውቅም። ያኔ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ፈተናውን ጥዬ እሄድ ነበር፣ መምህርም አልሆንም ነበር፣ አንቺንም አላስተምርሽም ነበር። አዝነውልኝ፣ አስበውልኝ ነው እላለሁ ዛሬ።

እስከ ሐሙስ ቻይው። ፊትሽን ጠብቂ። አንቺ ስታዝኚ አፍንጫሽ ይቀላል፣ ድሮም አውቅሻለሁ፤ ጉንፋን ይዞኛል በያት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ስብሐት

*

ጉለሌ፣ ማክሰኞ ግንቦት 19 ቀን 2017

ጋሼ ስብሐት፤

ጉንፋኑን አምናኛለች። ዝንጅብል አፍልታ አመጣችልኝ። ስለ ምግቧና እንቅልፏ ቢጠይቁኝ፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትስቃለችም። የማትተኛው እኔ ነኝ።

ዛሬ ወንድሟ እንደገና ደወለ። «ምን አለች?» አለኝ። «አሁን መናገር አትችልም» አልኩት። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እያለቀሰች መሰለው። ቀጥሎ የነገረኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ። «ነገ ጠዋት አውሮፕላን አለ። እናታችንን እስከ ሐሙስ ጠዋት ማቆየት እንችላለን፤ ሆስፒታሉ ከዚያ በላይ አይፈቅድልንም። በእኛ ቤት እናትን ለቀብር የምታለብሳት የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ናት። ልብሷን አዘጋጅተናል። ትመጣለች?»

አልተቀበሩም፣ ጋሼ። ከቅዳሜ ጀምሮ እሷን እየጠበቁ ነው። እንጠብቃታለን ያለኝ እንዲሁ እንደ ቃሉ ነበር። እኔና እትዬ ሐመልማል የሞተ ሰው በዕለቱ ይቀበራል ብለን፣ እሱ ደግሞ ነግራታለች ብሎ፣ በዚህ መሀል እነዚህ ሁሉ ቀናት አለፉ።

ያኔ እንኳ «አልነገርኳትም» ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን «ሐሙስ ፈተና አለባት» አለ። እሱም «ገባኝ» ብሎ ዘጋው። መልሼ ብደውል፣ ብደውል አያነሳም። ምን ላድርግ? ብነግራት ፈተናውን ትወድቃለች፤ ባልነግራት እናቷን እንዳታይ ያደረግኋት እኔ ነኝ። እባክዎን ዛሬውኑ ይመልሱልኝ።

ቤርሳቤህ

*

ጎሬ፣ ረቡዕ ግንቦት 20 ቀን 2017

ልጄ፤

ትናንት ከሰዓት መብራትም ኔትወርክም አልነበረም፤ ያንቺን ያነበብኩት አሁን ነው። አውሮፕላኑ ሄዷል። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

ያለፈውን ደብዳቤዬን እርሺው። እኔ የነገርኩሽ የአባቴን ነገር ነው፤ የእሷን እናት ነገር ከየት አውቄ? ሂጂና ንገሪያት። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሐዘኑ የእሷ እንጂ የኛ አይደለም። ፈተናውን ትፈተን ወይም ትተው፣ ራሷ ትወስን። እኔ እዚህ ተቀምጬ ይህን ከመጻፍ በቀር የምችለው የለም፤ እሱም አሳፍሮኛል።

ስብሐት

*

ጉለሌ፣ ቅዳሜ ግንቦት 23 ቀን 2017

ጋሼ፤

ስልኬን ስላላየሁ አይቀየሙ። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ሄድሽ ወይ ላሉኝ፣ ሄጃለሁ። ታክሲ እስኪሞላ እንኳ አልጠበቅኩም፤ በእግሬ ነው ዳገቱን የወጣሁት።

ግቢው ስገባ ፉራሃ እትዬ ሐመልማልንና ሁለት የእድር ሴቶችን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለች። ኮሚቴ ናቸው። ያ የእርስዎ ምክር ነው፤ እኔ ነበርኩ ለማያውቁ አስረጂ ያልኳት። ወረቀት የላትም። በእጇ እያሳየች በቆሎው እንዴት እንደሚረጥብ፣ ሻጋታው ከየት እንደሚጀምር ትናገራለች። ሦስቱም ሴቶች እናቷ መሞቷን ያውቃሉ። አንድም ቃል ሳይገባቸው አፍጥጠው ያዩአታል። «ይህን ጥናት የጀመርኩት የእናቴ በቆሎ ስለሚበላሽባት ነው፤ ውጤቱን መጀመሪያ የምነግራት ለእሷ ነው» ስትል እናቴ የምትለዋን ቃል ሳይለዩዋት አልቀሩም፤ አንደኛዋ ማልቀስ ጀመረች። ፉራሃ ደስ አላት። ወደኔ ዞራ «አየሽ መምህርት? ገብቷቸዋል» አለችኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። በሥራዬ ስንቱን አፍ ከፍቻለሁ፣ የራሴን ግን አልቻልኩም። ጎበዝ አልኳትና ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ፣ ጋሼ። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ሐሙስ ፈተናውን አለፈች። እንዴት እንዳለፈች አይጠይቁኝ፤ ኮሚቴው ቆሞ ነው ያጨበጨበላት። ሰብሳቢው በዚህ ዓመት እንዲህ የመለሰ ተማሪ አላየሁም አለ። እቅፍ አድርጋኝ ስልኬን ስጪኝ፣ ለእናቴ ልደውል አለችኝ። መሳቢያው ዊንጌት ነው፣ ነገ አመጣልሻለሁ አልኳት።

ዓርብ በማለዳ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። በሩን ስትከፍት ግቢው ሞልቶ ነበር። እትዬ ሐመልማል ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ፉራሃ ምንም አልገባትም። ሰው የሞተባቸው እነሱ መስለዋት እትዬ ሐመልማልን ልታቅፋቸው ሄደች። ከዚያ ሁሉም እሷን እያዩ እንደሚያለቅሱ ስታይ ወደኔ ዞረች። «ምን እያሉ ነው?» አለችኝ። ያኔ ነገርኳት። በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

«መቼ?» አለች። ቅዳሜ አልኳት። እንደፈራሁት አልጮኸችም። ዓይን ዓይኔን እያየች «ትናንት እኔ ስመልስ እሷ የት ነበረች?» አለችኝ። እትዬ ሐመልማል እጄን ይዘው «ምን አለች? ምን አለች?» ይሉኛል። አልተረጎምኩላቸውም።

ዛሬ ጠዋት ቦሌ ሸኘኋት። በመንገዱ ሁሉ በመስኮት እያየች ነበር። ስልኳን ሰጠኋት፤ አልከፈተችውም።

ቤርሳቤህ

*

ጉለሌ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017

ይድረስ ለጋሼ ስብሐት፤

ደህንነትዎን ከልቤ እመኛለሁ። ሁለቱንም ደብዳቤዎች ተቀብያለሁ። ጥፋቱን ግማሽ ልውሰድልሽ ማለትዎን አነበብኩ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ግን አይካፈልም። እትዬ ሐመልማልም ሽማግሌ ይዤ እግሯ ላይ ልውደቅ እያሉ ያለቅሳሉ፤ የትኛው አገር ሄደው እንደሚወድቁ እንጃ። ምግብ አስጠልቷቸዋል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅሻት ወይ ላሉኝ፣ ጽፌላት ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ አጭር መልስ መጣ። ጠቅልዬ ልንገርዎ። እናቷ የተቀበሩት ሐሙስ ጠዋት ነው፣ እኛ አዳራሽ ውስጥ ስናጨበጭብ። ልብሱን ያለበሰቻቸው አክስቷ ናት። ዘመዶቿ ሁሉ የሚያውቁት ግን ፉራሃ ቅዳሜውኑ ተነግሯት፣ ከእናቷ ቀብር ፈተናዋን እንደመረጠች ነው። አልተነገረኝም ብትል የሚሰማት አጣች። ወንድሟ አያናግራትም፣ እናቷ ቤት አትገባም፣ ጓደኛዋ ዘንድ ነው ያለችው። «አንቺ ንገሪያቸው» ብላ ነው የጨረሰችው።

ይህስ አያቅተኝም አልኩ። ፈተና ላይ እንደሚቀመጥ ተማሪ የምለውን ተለማመድኩ። ትናንት ወንድሟ ስልኩን አነሳ። ቀስ ብዬ፣ ጥርት አድርጌ ነገርኩት። አልነገርኳትም፣ ስልኳም እኔ ጋ ተቆልፎ ነበር፣ መናገር አትችልም ያልኩህ እያለቀሰች ሳይሆን ስላላወቀች ነው፣ እኛ አገር መርዶ እስከ ፈተና ይደበቃል፣ እህትህ እስከ ዓርብ ማለዳ ምንም አላወቀችም አልኩት። ቃል አልጠፋኝም፣ ድምፄም አልተቆራረጠም። አላለቀስኩም እንኳ፣ እንዲገባው ብዬ።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ ቃል እየፈለገ መለሰልኝ። «አመሰግናለሁ መምህርት። ደግ ሰው ነዎት። ለተማሪዎ ብለው ይህን በራስዎ ላይ መውሰድዎ ትልቅ ነገር ነው። ግን ልጅ አይደለሁም። የእናትን ሞት ከልጅ የሚደብቅ ሰው የለም። ሰው እንዲህ አያደርግም።»

እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ እኔ ነኝ አልኩት። ደጋግሜ አልኩት። ብዙ በማልኩለት ቁጥር ይበልጥ እያዘነልኝ ሄደ። «ይተዉት መምህርት፣ ስለ እሷ አይዋሹ። እግዚአብሔር አይወደውም» አለኝ። ደህና ይዋሉ ብሎ፣ ለቤተሰቤ ሁሉ ሰላምታ አቅርቦ ዘጋው።

ቤርሳቤህ